አንድ ጊዜ አይቶ «የለም» ማለት



«ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለአዳኝና ለወሬኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ማስታወሻ ለሚጽፍ የመሥሪያ ቤት ሰውም የተነገረ መሆኑን የተረዳሁት በራሴ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ዛሬ የማጫውታችሁ ይህንኑ ነው። ነገሩ በጣም ትንሽ ነበር። አንድ ድረ ገጽ ዘመናዊውን የመላላኪያ ደንብ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም ተብዬ ተጠየቅሁ። እኔም አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ «አይቀበልም» ብዬ ጻፍሁ። በዚያች በአንዲት ቃል ምክንያት የአንዲት ወጣት የድካም ዋጋ ተይዞ ቀረ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት፥ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፥ አዲስ ድረ ገጽ አሠርቶ ነበር። ሥራውን በውል የያዘችው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ከውሉ አንቀጾች አንዱ «ድረ ገጹ ኤችቲቲፒ 2ንና ኤችቲቲፒ 3ን መቀበል አለበት» ይላል። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው ሁሉም በውሉ መሠረት መሠራቱ ሲረጋገጥ ነው። አረጋግጡ ተብለን ከተመረጥነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ሁለቱ ባልደረቦቼ «አንተ ከኮምፒዩተር ጋር ትግባባለህ» ብለው ይህን አንቀጽ ለእኔ ተዉልኝ። እኔም በዚህ አነጋገር ደስ ብሎኝ፥ ከቢሮዬ ሳልነሣ፥ ድረ ገጹን ከፈትሁ፤ መመልከት የሚገባውን ቦታ ተመለከትሁ፤ ሁለተኛውን ደንብ አገኘሁ፤ ሦስተኛውን አጣሁ። ወዲያው «ኤችቲቲፒ 2ን ይቀበላል፤ ኤችቲቲፒ 3ን አይቀበልም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። ወረቀቱ ቁጥር ወጥቶለት ወደ ገንዘብ ክፍል ሄደ። ሥራው በጠቅላላው አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ስሕተቱ ምን ላይ እንደነበረ ለማሳየት በመጀመሪያ እነዚህ ደንቦች ምን እንደሆኑ ማስረዳት ይኖርብኛል። ከእናንተ መካከል ይህን የሚያውቁ ብዙ ስለሚኖሩ ባጭሩ እናገራለሁ። ዓመታቱም በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤችቲቲፒ ማለት የእናንተ ብራውዘርና በሩቅ ያለው ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ ነው። ድርን የፈለሰፈው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፥ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ ሳለ ነው። በ1991 የነበረው የመጀመሪያው ደንብ እጅግ ቀላል ነበር። ብራውዘሩ በአንድ መሥመር «ይህን ገጽ ስጠኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ ይሰጣል፤ ግንኙነቱ ይዘጋል፤ በቃ። በ1996 1.0 የተባለው፥ በ1997 ደግሞ 1.1 የተባለው ደንብ ወጣ። በ1.1 አንድ ጊዜ የተከፈተ ግንኙነት ሳይዘጋ ብዙ ጥያቄ ሊተላለፍበት ይችላል፤ ነገር ግን መልሶቹ የሚመጡት በተራ ነው።

በተራ መምጣት ምን ማለት እንደሆነ የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቀዋል። አንድ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ኋላ አንድ ጸሐፊ ተቀምጧል። ከፊታችሁ ያለው ሰው ወፍራም ፋይል ይዞ ከመጣ፥ እናንተ የምትፈልጉት አንዲት ማኅተም ብቻ ብትሆንም ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ብራውዘሮች ይህን ለማቃለል ወደ አንድ ድረ ገጽ እስከ ስድስት የሚደርስ ግንኙነት በአንድ ጊዜ መክፈት ጀመሩ፤ ስድስት መስኮት እንደማለት ነው። የዛሬ ድረ ገጽ ግን ሥዕሉ፥ ፊደሉ፥ ልዩ ልዩ ፋይሉ ተቆጥሮ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሊያልፍ ስለሚችል ስድስቱም መስኮት አልበቃ አለ።

ጉግል በ2009 ስፒዲ የተባለ አዲስ ደንብ ይፋ አደረገ። ከእርሱም መነሻነት በግንቦት ወር 2015 ኤችቲቲፒ 2 ተደንግጎ ወጣ። በዚህ ደንብ አንድ ግንኙነት ብቻ ይከፈታል፤ በዚያ ላይ ብዙ ጥያቄና ብዙ መልስ እየተቆራረጠ፥ እየተደባለቀ ይተላለፋል፤ በየጫፉም እንደገና ይገጣጠማል። ወፍራሙ ፋይል ቀጭኑን አያስቆምም።

ይሁን እንጂ ከሥር አንድ ችግር ቀረ። ኤችቲቲፒ 2 የሚጓዘው ቲሲፒ በተባለው መንገድ ላይ ነው። ቲሲፒን ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 በጽሑፍ ያቀረቡት ሲሆን፥ በ1981 የጸናው ድንጋጌ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኢንተርኔትን ተሸክሞ የኖረ ነው። ጠባዩ ግን ጥብቅ ነው። የተላከው ሁሉ በተላከበት ቅደም ተከተል ካልደረሰ ለባለቤቱ አያስረክብም። በጠባብ የገደል መንገድ የሚሄዱ የሲራራ ነጋዴዎችን አስቡ። ጨው የጫነው፥ ቡና የጫነው፥ ሰም የጫነው ሁሉ በአንድ ረድፍ ይጓዛል። ከፊት ያለች አንዲት የጨው በቅሎ ብትወድቅ የቡናውም የሰሙም ባለቤት ይቆማል፤ ጭነታቸው ደኅና ነው፤ ግን መንገዱ አንድ ስለሆነ ማለፍ አይቻልም። በኢንተርኔትም አንዲት ፓኬት በመንገድ ብትጠፋ፥ ከእርስዋ ኋላ የደረሱት ሁሉ፥ የሌላ ፋይል ቢሆኑም እንኳ፥ የጠፋችው ተተክታ እስክትመጣ ድረስ ይጠብቃሉ። መሥመሩ ጥሩ በሆነበት አገር ይህ ብዙም አይታወቅም። የስልክ ኔትወርኩ መጣ ሄደ በሚልበት ቦታ ተቀምጦ የፈተና ውጤት ለሚጠብቅ ተማሪ ግን በጣም ይታወቃል።

ለዚህ መፍትሔ የተፈለገለት ኩዊክ በተባለው አዲስ መንገድ ነው። በጉግል ተጀምሮ ስሙ በ2013 ይፋ ሆነ፤ የኢንተርኔትን ደንቦች የሚያወጣው ዓለም አቀፍ የመሐንዲሶች ማኅበር በ2016 ሥራውን ተረክቦ ብዙ ካሻሻለው በኋላ በግንቦት ወር 2021 ድንጋጌ ሆኖ ወጣ። በእርሱ ላይ የሚጓዘው ኤችቲቲፒ 3 ደግሞ በሰኔ 2022 ወጣ። ኩዊክ የሚጠቀመው በቲሲፒ ሳይሆን ከ1980 ጀምሮ በነበረው ዩዲፒ በተባለ ቀላል መንገድ ነው። ዩዲፒ ተራ አይጠብቅም፤ ተራ ማስያዙን የሚሠራው ኩዊክ ራሱ ነው፤ ያውም ለየነጋዴው ለየብቻ። የጨው በቅሎ ብትወድቅ የሚቆመው ባለጨው ብቻ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። በአገራችን ሰው ጉዳዩን ከመናገሩ በፊት «እንደምን ዋሉ፤ ቤተ ሰብ እንዴት ነው» ይላል። ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ሰላምታ አላቸው። በቲሲፒና በድሮው የምስጢር መጠበቂያ ደንብ ጉዳዩ ከመነገሩ በፊት ሰላምታው ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፤ በ2018 በወጣው አዲሱ የምስጢር ደንብ ወደ ሁለት ወረደ። በኩዊክ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ለሚተዋወቁ ደግሞ ሰላምታውና ጉዳዩ አብረው ሊላኩ ይችላሉ። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ብርሃን በመስተዋት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አንድ ደርሶ መልስ ቢያንስ የሰከንድን ሃያኛ እጅ ይፈጃል ማለት ነው፤ ገመዱ በቀጥታ ስለማይሄድም ከዚህ ይበልጣል። ይህን ማንም መሐንዲስ ሊያሳጥረው አይችልም። የሚቻለው የምልልሱን ቁጥር መቀነስ ነው።

በመጨረሻም፥ ከቢሮ ዋይፋይ ወጥታችሁ በስልክ ኔትወርክ ላይ ስትገቡ የኮምፒዩተሩ አድራሻ ስለሚለወጥ የቲሲፒ ግንኙነት ይቋረጣል። ኩዊክ ግን ለግንኙነቱ የራሱ መታወቂያ ቁጥር ስለሚሰጠው አድራሻ ቢለወጥም ሊቀጥል ይችላል። እንግዲህ በውሉ ውስጥ ያ አንቀጽ የገባው ለጌጥ አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ታሪኬ ልመለስ።

ማስታወሻዬን ከጻፍሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ላፕቶፕዋን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። በቁጣ ትናገረኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እርስዋ ግን ቁጭ በዪ እስክላት ድረስ እንኳ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሲመለከቱት ከየት ሆነው ነው?» አለችኝ።

«ከዚሁ ከወንበሬ ነዋ፤ ከየት ልሆን ኖሯል?» አልኋት።

«ስንት ጊዜ ከፈቱት?»

«አንድ ጊዜ። ስንት ጊዜ ይከፈታል?»

መልስ አልሰጠችኝም። ላፕቶፕዋን ከስልክዋ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታ ድረ ገጹን ከፈተች። ኤችቲቲፒ 2 የሚል ታየ። እኔም «ይኸው! እኔስ ምን አልሁ?» አልሁ። እርስዋ ግን ዝም ብላ ገጹን እንደገና ከፈተችው። በዚህ ጊዜ ኤችቲቲፒ 3 የሚል ወጣ። ሦስተኛ ጊዜ ከፈተችው፤ ያው ነው። ቀጥላም ላፕቶፑን በመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ላይ አድርጋ ከፈተችው። ኤችቲቲፒ 2 አለ። ደጋግማ ብታድሰውም ከ2 አልወጣም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ፊቴም ጋለ። የስሕተቴ ምክንያት ሁለት ነበር።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ብራውዘር ወደ አንድ ድረ ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄድ ሰርቨሩ ኤችቲቲፒ 3ን ይወቅ አይወቅ ብዙ ጊዜ አያውቅም። ስለዚህ በታወቀው በቲሲፒ በር ይገባል። ሰርቨሩም ከመልሱ ጋር «በዩዲፒ በር 443 ደግሞ ኤችቲቲፒ 3ን እቀበላለሁ» የሚል ማስታወቂያ ይልክለታል፤ ማስታወቂያው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጸናም በሰከንድ ይነግረዋል። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው 86,400 ነው፤ ይህም አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው። ብራውዘሩ ያንን በልቡ ይዞ በሚቀጥለው ጊዜ በአዲሱ በር ይገባል። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያይ ሰው አሮጌውን በር ብቻ አይቶ ይመለሳል። በኅዳር ወር 2023 ድንጋጌ የሆነ አዲስ የአድራሻ መዝገብ አለ፤ ይህም ብራውዘሩ ገና ከመሄዱ በፊት እንዲያውቅ ያደርገዋል፤ ግን ሁሉም ድረ ገጽ አልተመዘገበበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው ቤት ጉዳይ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ፋየርዎል፥ ማለት የበር ዘበኛው፥ ዩዲፒ በበር 443 እንዳያልፍ ይከለክላል። ብዙ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያደርጋል። ብራውዘሩ በዚያ በር ሞክሮ ሲያቅተው ምንም ሳይናገር በቲሲፒ ይመለሳል፤ ገጹም ይከፈታል፤ ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። ስለዚህ ያ ድረ ገጽ ከወንበሬ ሆኜ ሺህ ጊዜ ብከፍተውም ኤችቲቲፒ 3ን ሊያሳየኝ አይችልም ነበር። የእኛው ዘበኛ እንግዳውን ከደጅ እየመለሰ፥ እኔ «እንግዳው አልመጣም» ብዬ ፈርሜያለሁ።

ልጅቱ ከሄደች በኋላ ከባልደረቦቼ ለአንደኛው አጫወትሁት። እርሱም ክፉ ሰው ስላልሆነ ለሁላችንም የሚበጅ የመሰለውን ምክር ሰጠኝ። «አዲስ ማመልከቻ ታቅርብ፤ እኛም ‹ጉድለቱን አስተካክላለች› ብለን እናሳልፍላት። ገንዘቧን ታገኛለች፤ የኮሚቴውም ስም አይነሣም» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ምክሩ ደስ አለኝ። ያን ሌሊት ግን ሳወጣው ሳወርደው አደርሁ። ልጅቱ ገንዘቡን ታገኛለች፤ ነገር ግን ሠርታ ያስረከበችው ሥራ ጉድለት እንደነበረበት በመዝገብ ተጽፎ ይቀራል። ነገ ሌላ መሥሪያ ቤት ስለ እርስዋ ሲጠይቅ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ነው። የእኔን ስሕተት በእርስዋ ስም ማስመዝገብ ነው። ያን ጊዜ የቤት ኪራይ በብድር ትከፍል እንደነበረ የሰማሁት ደግሞ ቆይቶ ነው፤ እርስዋ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

በማግስቱ ጠዋት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «ቀደም ሲል የሰጠሁት ማረጋገጫ ስሕተት ነው። ድረ ገጹ ኤችቲቲፒ 3ን ይቀበላል። የማይቀበለው የመሥሪያ ቤታችን ኔትወርክ ነው። በድጋሚ ሲታይ ሥራ ተቋራጭዋ ምንም ያስተካከለችው ነገር የለም፤ የተስተካከለው የእኔ አመለካከት ነው።» ሹማችን አንብበው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «እንዲህ ብሎ ለመጻፍ ይህን ያህል ጊዜ ምን አቈየህ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። ክፍያውም በዚያው ሳምንት ተፈጸመ።

ውድ አንባቢያን፤ ምናልባት ነገ ከእናንተ አንዱ እንዲህ ያለ ሥራ ይታዘዝ ይሆናል። ስለዚህ አመለካከቱን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

አንደኛ፤ በኮምፒዩተር ላይ ክሮምን ወይም ፋየርፎክስን ክፈቱ። ኤፍ 12 የተባለውን ቁልፍ ስትጫኑ የባለሙያዎች መስኮት ይከፈታል። በዚያ ውስጥ «ኔትወርክ» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ ድረ ገጹን እንደገና ክፈቱ። የመጡት ፋይሎች ሁሉ በዝርዝር ይሰለፋሉ። በዝርዝሩ አናት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮቶኮል» የሚለውን ዐምድ አስወጡ። ኤች የሚለው የላቲን ፊደል ከ2 ጋር ከተጻፈ ኤችቲቲፒ 2 ነው፤ ከ3 ጋር ከተጻፈ ኤችቲቲፒ 3 ነው፤ 1.1 የሚል ካለ አሮጌው ነው።

ሁለተኛ፤ የትኛውን መሥመር እንደምታነቡ ተጠንቀቁ። በዝርዝሩ ውስጥ የድረ ገጹ ያልሆኑ ብዙ እንግዶች አሉ፤ ፊደሉ፥ ካርታው፥ ቪዲዮው ከሌላ ድርጅት ሰርቨር የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የእንግዳውን 3 ቁጥር አይቶ «ድረ ገጹ ይቀበላል» ብሎ መጻፍ እኔ ከሠራሁት ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ ስሕተትነቱ ግን እኩል ነው። የምታነቡት ድረ ገጹ በራሱ አድራሻ የላከውን፥ በተለይም የመጀመሪያውን መሥመር ይሁን።

ሦስተኛ፤ አንድ ጊዜ ብቻ አትዩ። ገጹን ሁለት ሦስት ጊዜ አድሱት። ከዚህም ጋር የመጀመሪያውን መሥመር ተጭናችሁ ሰርቨሩ የመለሰውን ራስጌ አንብቡ። «አልት» ከሚል ቃል ቀጥሎ ኤስ፥ ቪ፥ ሲ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት ያሉበት መሥመር ካገኛችሁ፥ ቀደም ሲል የነገርኋችሁ ማስታወቂያ እርሱ ነው። ማስታወቂያው ካለና ኤችቲቲፒ 3 ግን የማይታይ ከሆነ ወይ የእናንተ ኔትወርክ፥ ወይ በሰርቨሩ በኩል ያለው ፋየርዎል ዩዲፒን ዘግቷል ብላችሁ ጠርጥሩ።

አራተኛ፤ ከሁለት ቦታ እዩ። ከቢሮ ኔትወርክ ካያችሁ በኋላ በስልክ ኢንተርኔት አገናኝታችሁ እንደገና እዩ። አድራሻውን ብትሰጧቸው ከራሳቸው አገር ሆነው የሚመረምሩ ድረ ገጾችም አሉ፤ እነርሱን እንደ ሦስተኛ ምስክር ልትቈጥሯቸው ትችላላችሁ። የእነርሱም ቃል ግን እነርሱ ካሉበት ቦታ የታየ ነው።

አምስተኛ፤ ትንሽ የሠለጠናችሁ እንደሆናችሁ ከርል በተባለው መሣሪያ ሞክሩ። ይህን ስዊድናዊው ዳንኤል ስቴንበርግ የሠራው ሲሆን፥ በዚህ ስም ከ1998 ጀምሮ ይታወቃል። «በኤችቲቲፒ 3 ብቻ ሂድ» ብላችሁ ብታዙት፥ ብራውዘር እንደሚያደርገው በስውር ወደ አሮጌው በር አይመለስም፤ ገባሁ ወይም አልገባሁም ይላል። ነገር ግን በእጃችሁ ያለው ከርል ራሱ ኤችቲቲፒ 3ን ያውቅ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የማያውቅም አለ።

ስድስተኛ፤ አድራሻው በሁለት ስም የሚጠራ ከሆነ፥ ከፊቱ ሦስቱ ደብልዩ ያሉበትና የሌሉበት ከሆነ፥ ሁለቱንም እዩ፤ ሁለቱ በተለያየ ሰርቨር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። አድራሻው በኤችቲቲፒኤስ የማይጀምር እንደሆነ ደግሞ አትድከሙ። ብራውዘሮች ኤችቲቲፒ 2ንም ሆነ 3ን የሚጠቀሙት ምስጢሩ በተጠበቀ ግንኙነት ላይ ብቻ ነው።

እነዚህን ሁሉ አይታችሁ «ይቀበላል» ብትሉም አንድ ነገር አትርሱ። ደንቡ መንገድ ነው እንጂ ጭነት አይደለም። አምስት ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ በኤችቲቲፒ 3 ቢመጣም አምስት ሜጋባይት ነው፤ የስልካችሁንም ካርድ ያንኑ ያህል ይበላል። ድረ ገጽን ፈጣን የሚያደርገው አስቀድሞ የባለቤቱ ቁጠባ ነው፤ መንገዱ የሚረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም ብዙ ድረ ገጾች ከፊታቸው ሌላ ድርጅት አቁመው በእርሱ በኩል ያስተናግዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን ያያችሁት የበረኛውን ደንብ ነው እንጂ የቤቱን አይደለም።

አሁን ስለ ማስታወሻው አጻጻፍ ልናገርና ላብቃ። እኔ የጻፍሁት «አይቀበልም» ብዬ ነበር። መጻፍ የነበረብኝ ግን እንዲህ ነበር፦ «በዚህ ቀን፥ ከዚህ ቢሮ፥ በዚህ ኔትወርክ፥ በዚህ ብራውዘር አንድ ጊዜ ከፍቼ ኤችቲቲፒ 3ን አላየሁም።» ይህ ዓረፍተ ነገር ቢጻፍ ኖሮ ገንዘብ ክፍሉ ራሱ «ታዲያ ለምን ከሌላ ቦታ አላየኸውም?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። «አላየሁም» የሚለው ቃል የእኔን ዐይን ይናገራል፤ «የለም» የሚለው ግን የሌላውን ቤት ይናገራል። ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ወጣቶች በየቀኑ እንዲህ ያሉ ትንንሽ ማስታወሻዎች ትጽፋላችሁ። ፋይሉ ጠፍቷል፤ ሰውየው አልቀረበም፤ ማመልከቻው አልደረሰም ትላላችሁ። ከበታቹ የምትፈርሙበት ስም የእናንተ ነው፤ የሚጐዳው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከመስኮቱ ወዲያ የቆመው ነው።

የዚያች ልጅ ድረ ገጽ እስከ ዛሬ ይሠራል። ይህን ስጽፍ ከቤቴ ሆኜ ከፈትሁት። በመጀመሪያው 2 አለኝ። እንደገና ከፈትሁት፤ 3 አለኝ። ከቢሮዬ ግን አሁንም ያው 2 ነው፤ ምክንያቱም ስለ ፋየርዎሉ የጻፍሁት ሌላው ማስታወሻ ገና መልስ አላገኘም።

የሳምንት ሰው ይበለን።